ቀይ አፈር፣ ባዶ እግርና ስድስተኛው ክሮሞዞም

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ መንደሮች የአንድ ሰው እግር ማበጥ ሲጀምር፣ ጎረቤት ቀድሞ የሚያስበው የሰውየውን እናትና አባት ነው። አያቱ ነበረባቸው? አጎቱስ? ከቤቱ አንድ ሰው ከተገኘ ነገሩ ያልቃል፦ ዝሆኔ በዘር ነው፤ ከዚያ ቤት ልጅ አይወሰድም፣ ወደዚያ ቤትም ልጅ አይሰጥም። በእኛም ቤተሰብ ደርሷል። በምሥራቅ ጎጃም የምትኖር የአክስቴ ልጅ ሽማግሌ ተልኮላት፣ ቀን ተቆርጦ፣ የድግሱ እህል ከተሰናዳ በኋላ ጋብቻው ፈረሰ። የወንዱ ወገን ምክንያቱን በአፉ አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም፤ የአክስቴን፣ የእትዬን እግር አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ከቤተሰቡ ባዮሎጂ የተማርኩት እኔ በመሆኔ «እውነት በዘር ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። «ኧረ በጭራሽ!» ብዬ መገላገል ብችል ደስታዬ ነበር። ባለፉት ዓመታት የተሠራው የጄኔቲክስ ጥናት ግን እንዲህ እንድል አይፈቅድልኝም። ጎረቤቶቻችን በሚሉት ነገር ውስጥ እውነት አለ። እውነቱ ግን ግማሽ ነው፤ በዚህ ግማሽ እውነት ስንት ሰው ከዕድርና ከሰርግ ቤት እንደተገፋ ሳስብ ዝም ማለት አልችልም።

በሽታው በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ብዙ ሰው እርሱም ዝሆኔ ከሚባል ሌላ በሽታ ጋር ያምታታዋል። ያኛው በትንኝ ንክሻ ወደ ሰውነት በሚገባ ቀጭን ትል የሚመጣ፣ በሞቃታማ ቆላ የሚታይ ነው። ይህኛው ትልም ባክቴሪያም ቫይረስም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መነሻው አፈር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ዓመታዊው ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በሚያልፍበት አገር፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ጣቶቹ አካባቢ ያሳክከዋል፤ ሌሊት ሌሊት ያቃጥለዋል። እብጠቱ እየመጣ እየሄደ ይቆይና አንድ ቀን መሄዱን ይተዋል። የሚጀምረው በአብዛኛው በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ ሲሆን፣ በሁለቱም እግሮች ላይ ይወጣል፤ አንደኛው ግን ከሌላኛው ይብሳል፤ ከጉልበት በላይም እምብዛም አያልፍም። በከበደ ደሪቤና በባልደረቦቹ ግምት በኢትዮጵያ ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ። ይህን ያህል ሕዝብ የተሸከመው በሽታ የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው ገና እ.ኤ.አ. በ2011 ነው (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

ጥፋቱ የአፈሩ መሆኑን በማስረጃ ያሳየው በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የሠራው ብሪታኒያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። የሕሙማኑን የብሽሽት ንፍፊት በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ባዕድ ነገር እየዋጡ የሚያስወግዱት ትልልቅ ነጭ ሕዋሳት ሆዳቸው በጥቃቅን ብናኝ ተሞልቶ አገኘ። ብናኙ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለበት ነበር፤ ይህም ሕመምተኛው ሲረግጠው ከኖረው አፈር የሚገኝ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ክፍል በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ፣ ፈሳሽ በሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች ተጉዞ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ፕራይስ ከሌላ ተመራማሪ ጋር ሆኖ በ1985 ባሳተመው ሥራ ደግሞ ሲሊካ ወደ ጥንቸል እግር የሊምፍ ቧንቧ ሲገባ ቧንቧው ውስጥ እነዚያው ትልልቅ ሕዋሳት እንደሚበዙ፣ ግድግዳው ጠባሳ እየያዘ እንደሚደፈን ታየ። ቧንቧው ሲደፈን ፈሳሹ መመለሻ ያጣል፣ እግሩ ያብጣል።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ አይመልስም። መንደሩ ሁሉ በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ይሄዳል። ታዲያ እትዬ ስትታመም አጠገቧ ያሉት ጎረቤቷ፣ ዕድሜ ልካቸውን አብረዋት ወንዝ ሲወርዱና ማሳ ሲያርሙ የኖሩት፣ እስከ እርጅናቸው እግራቸው ምንም ያልሆነው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2007 ጋይል ዴቪና የኢትዮጵያ፣ የብሪታኒያና የአሜሪካ ባልደረቦቿ ወላይታ ውስጥ በሽታው ያለባቸውን 59 ቤተሰቦች በየትውልዱ ተከታትለው ለዚህ ጥያቄ በቁጥር መለሱ። የታመመ ሰው ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከጠቅላላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 63 በመቶ ያህሉም በውርስ የሚመጣ ሆኖ ተሰላ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ፋሲል ተኮላ አየለ የመሩት ቡድን የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል ከዳር እስከ ዳር አነጻጽሮ ልዩነቱ የት እንደተደበቀ ጠቆመ። ቦታው ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኤች ኤል ኤ ክፍል ሁለት የሚባሉት ዘረ መሎች የተሰባሰቡበት ሰፈር ሆነ። እዚያ ያለችን አንዲት የዘረ መል ፊደል ልዩነት በተሸከሙት ዘንድ የታመሙት ከጤነኞቹ አንጻር ያላቸው ቁጥር፣ ካልተሸከሙት ጋር ሲወዳደር 2.44 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቡድኑ በዚህ ሳይበቃው አባት፣ እናትና ልጅ ባሉባቸው 202 ቤተሰቦች ላይ ፈተሸው፤ ውጤቱም ጸና። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሦስት የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ላይ ሞክሮ ወደዚያው ሰፈር ደረሰ።

የ2012ቱን ወረቀት መጀመሪያ ሳነብ ልቤ የመታው ቦታው ኤች ኤል ኤ በመሆኑ ነው። የእነዚህ ዘረ መሎች ሥራ ግልጽ ነው፤ የሚሠሯቸው ሞለኪውሎች አንድ ሕዋስ የዋጠውን ባዕድ ነገር ቁራሽ በሕዋሱ ገጽ ላይ ይዘው፣ ቲ ሕዋሳት ለሚባሉት የሰውነት ተከላካዮች ያሳያሉ፤ ከቅኝት የተመለሰ ዘበኛ የያዘውን ለአለቃው እንደሚያቀርብ ማለት ነው። አለቃው ጠላት ነው ካለ ውጊያው ይጀመራል። የሞለኪውሉ ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህ አንዱ ሰው የሚያሳየውን ቁራሽ የሌላው ሰው ሞለኪውል አንሥቶ አይዘውም። የፖዶኮኒዮሲስ ፍንጭ እዚህ ላይ መውደቁ የሚነግረን ነገር አለ። አፈሩ እግር ውስጥ ገብቶ ቧንቧ የሚደፍነው ብናኝ በመሆኑ ብቻ አይመስልም። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ያንን ብናኝ አይቶ ለጦርነት ይነሣል፤ ውጊያው የሚካሄድበት ቧንቧ ይቆስላል፤ ቁስሉም ይጠነክራል። የእትዬ ሰውነት ደካማ አይደለም፤ አፈሩን ከጎረቤቷ ሰውነት ይልቅ አጥብቆ ተዋግቶት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳስብ ስለ እርሷ የነበረኝ ስሜት ተለወጠ።

አፈርና ኤች ኤል ኤ እንዴት ይገናኛሉ ለሚል ሰው አንድ ታሪክ አለ። ቤሪሊየም የተባለውን ብረት በፋብሪካ ሲያነጥሩ ብናኙን ከሚተነፍሱ ሠራተኞች ጥቂቶቹ ሳንባቸው በማያባራ ቁጣ ይበላል፤ ብዙዎቹ ምንም አይሆኑም። በ1993 የታተመ ጥናት ሚስጥሩን ኤች ኤል ኤ ዲ ፒ በሚባለው ሞለኪውል ላይ አገኘው፦ በሞለኪውሉ 69ኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ የሚባለው የፕሮቲን መገንቢያ ያላቸው ሰዎች በብዛት ይጠቃሉ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ይህ ግሉታሚክ አሲድ ያለበትን፣ ዲ ፒ 2 የሚባለውን የሰው ዘረ መል የተሸከሙ አይጦች ፈጠሩ። ተራ አይጥ በቤሪሊየም የሰውን በሽታ አይታመምም። የሰውን ዘረ መል የተሸከመው አይጥ ግን ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሳንባው ሲገባ ቲ ሕዋሳቱ ተነሥተው እንደ ሰው ያለ ቁስል ያሳያሉ። አንድ ዘረ መልና አንድ ብናኝ ሲገናኙ የሚሆነው በዓይን የሚታይበት፣ መድኃኒትም ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚፈተሽበት ነገር ተገኘ።

እኔ ለእግራችን በሽታ የምመኘው እንዲህ ያለ አይጥ ነው። በሕሙማኑ ዘንድ በብዛት የታዩትን የኤች ኤል ኤ ዓይነቶች የተሸከመ፣ የጎጃምና የወላይታ አፈር በእግሩ ቆዳ በኩል የሚገባበት አይጥ። አይጥ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እግሩም እንደኛ እግር አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ አይውልም፣ ሊምፉም ሽቅብ ያን ያህል መንገድ አይጓዝም። እንዲህም ሆኖ የትኛው የአፈር ማዕድን እንደሚጎዳ፣ የትኛው ሕዋስ ቀድሞ እንደሚቆጣ፣ ቁጣውን የሚያበርድ ነገር ጠባሳውን ያቆመው እንደሆነ መጠየቅ ያስችላል። በሰሜን ኢትዮጵያ አፈር ላይ የተሠራ ጥናት ስሜክታይት፣ ሚካና ኳርትዝ የሚባሉት ማዕድናት በሽታው ከሚበዛበት ቦታ ጋር አብረው እንደሚገኙ አሳይቷል፤ ፈታሹ እነዚህን አንድ በአንድ ሊሞክር ይችላል። ቤሪሊየም የበለጸጉ አገሮች ፋብሪካ ውስጥ ስላለ አይጥ ተፈጠረለት። የገበሬ እግር የሚያሳብጠው አፈር ያነሰ ነገር ነው ብዬ አልቀበልም።

ወደ 63 በመቶው ልመለስ፤ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው የዚህ ቁጥር ትርጉም በስሕተት ሲወሰድ ነውና። «63 በመቶ በዘር ነው» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «ከዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ከመቶ 63 ጊዜ ይታመማል» የሚል ነው። ቁጥሩ እንዲህ አይልም። የሚናገረው በዚያ ሕዝብ ውስጥ፣ በዚያ ጊዜ፣ በዚያ አኗኗር ሰዎች እርስ በርስ የተለያዩበት ምክንያት ምን እንደሆነ ብቻ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ከሄደ አፈሩ ለሁሉም እኩል ደረሰ፤ ስለዚህ አንዱን ከሌላው የሚለየው ዘረ መሉ ይሆናል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ያው ሕዝብ፣ ያንኑ ዘረ መል ይዞ፣ ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ በሽታው ራሱ ይጠፋል። ይህ በወሬ የቀረ ነገር አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ ድሮ በአልጄሪያ፣ በሞሮኮና በቱኒዚያ፣ በአውሮፓም በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ እንደነበረ የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ። ዛሬ እዚያ አይታይም ማለት ይቻላል። አፈሩ አልተቀየረም፤ የሰዎቹም ዘር ያው ነው። የተቀየረው ጫማ ማድረግ የሁሉም ሰው ልማድ መሆኑ ነው።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። እነዚህን የኤች ኤል ኤ ዓይነቶች የተሸከሙ ብዙ ሰዎች እድሜ ልካቸውን ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ፤ ሳይሸከሙ የታመሙም አሉ። ነገ አንድ ሰው ተነሥቶ «ከጋብቻ በፊት የዘረ መል ምርመራ» ብሎ ቢያስተዋውቅ ያ ምርመራ ማንንም አያድንም፤ አሮጌውን መገለል ነጭ ጋዋን ያለብሰዋል እንጂ።

ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን ፈርተውታል። ፋሲልና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ሥራ ወላይታ ውስጥ ለዘረ መል ጥናት ፈቃድ ሲጠይቁ ሰዉን ያስጨነቀው ከደሙ መቀዳት ይልቅ «እነ እገሌ የዝሆኔ ቤት ናቸው» ተብሎ መለየቱ እንደነበር ዘግበዋል። የቤተሰብ ጥናት ቤቱን ለይቶ ማንኳኳት ይፈልጋል፤ ማንኳኳቱ ራሱ ደግሞ ለጎረቤት ምልክት ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ይህን እያወቁ ደማቸውን ሰጡ። ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለውን ነገር ያወቅነው በእነርሱ ነው። ውጤቱ ተመልሶ እነርሱን የሚወጋ ከሆነ ትልቅ ግፍ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሳይንስ ለሕዝብ የምንናገር ሁሉ፣ መምህር ብንሆን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብንሆን፣ ጋዜጠኛ ብንሆን፣ «በዘር» የሚለውን ብቻ ተናግረን ዓረፍተ ነገሩን መዝጋት የለብንም። «ጫማ ካደረገ አይዘውም» የሚለው እዚያው፣ በአንድ ትንፋሽ መምጣት አለበት።

የታመመውስ? ባለፈው ክረምት እትዬ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ማታ ማታ ልጇ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ታቀርብላታለች። ውኃው ላይ ከበረኪናው ጠብ ጠብ ይደረግበታል፤ ብዙ ከሆነ ቆዳ ያቃጥላል። እትዬ ሁለት እግሯን አንድ ላይ ማግባት አትችልም፤ ግራው ብቻውን ሳፋውን ይሞላዋል። በሳሙና ታጥባ፣ ዘፍዝፋ፣ ከዚያ ረጅሙ ሥራ ይመጣል፦ ጣቶቿ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል፤ በመካከላቸው ውኃ ከቀረ ይቆስላል፤ ስለዚህ ከነጠላ የተቀደደ ስስ ጨርቅ ጫፉን እያሾለች አንድ በአንድ ታደርቃለች። ከተረከዟ በላይ ያለው ቆዳ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ስንጥቅጥቅ ብሎ ነበር፤ አሁን ቫዝሊኑ አለስልሶታል። በመጨረሻም ፋሻውን ከጣቷ ጀምራ ወደ ላይ ትጠመጥማለች። «ሽታው እኮ ነው ልጄ ከሰው የለየኝ» አለችኝ። «እብጠቱን ቀሚስ ይሸፍነዋል። ሽታውን ምን ይሸፍነዋል? ይኸው እርሱ ሄደልኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ከሴቶቹ መሐል ቆሜ አስቀደስኩ።»

ይህ የማታ ሥራ በሳይንስ ተፈትኗል። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት በ2018 ታትሟል። እግራቸውን እንዲታጠቡ፣ ቅባት እንዲቀቡ፣ ፋሻ እንዲያስሩ፣ ካልሲና ጫማ እንዲያደርጉ የተረዱት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ እግራቸው ተነሣባቸው፤ እርዳታው እስኪደርሳቸው ተራ የጠበቁት 23.9 ጊዜ። ልዩነቱ ለሚያነብ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። እግር ሲነሣ ማለት ግን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ እንደ ፍም የሚፋጅ እግር፣ ለቀናት አልጋ ላይ መዋል ማለት ነው። ከዚያ በዓመት አራት አምስት ጊዜ መትረፍ፣ ለሚያርስ ሰው የዘርና የአጨዳ ሰሞን ከሥራ ሳይቀር ማለፍ ነው። የቀሩት 19 ግን እንቅልፍ ይነሱኛል። ሳሙናና ፋሻ የሚችሉትን ያህል ሠርተው የሚቆሙበት ቦታ እዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የሚያሳየን የቲ ሕዋሳቱንና የኤች ኤል ኤውን ነገር መረዳት ይመስለኛል። ለዚህ ነው «ጫማ ካለ ላቦራቶሪ ምን ያደርጋል?» ከሚሉት ጋር የማልስማማው። ጫማ ገና ያልታመመውን ልጅ ያድናል። እግሯ ለጠጠረ ሴት ግን ጠባሳውን የሚያላላ ነገር ያስፈልጋታል፤ እርሱን ጫማ ሰፊ አይሰጣትም።

ጫማውም ቢሆን እንደሚወራለት ቀላል አይደለም። የእትዬ ወንድም፣ አጎቴ፣ ኮንጎ ጫማ አለው፤ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ያደርገዋል። ማሳ ሲደርስ ያወልቀዋል። ስንፍና ወይም አለማወቅ አይደለም፤ በሐምሌ ጭቃ በሬ ተከትሎ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ቀዩ አፈር ሲርስ ከጫማው ሥር እየተለጠፈ አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ይከብዳል፣ ጫማው ጭቃው ውስጥ ተውጦ ይቀራል፣ ውስጡ ውኃ ሲገባ እግሩ ይሟሽሻል፣ ሞፈሩን ይዞ ሚዛኑን መጠበቅ ያቅተዋል። እግር በአፈሩ ክፉኛ የሚጠቃበት ሰዓትና ጫማ የማይመችበት ሰዓት አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። የዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲያጡ እሰማለሁ። ጭቃ የማይዝ ሶል ያለው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠብቅ፣ በአንድ ማድጋ ውኃ ታጥቦ ለነገ የሚደርቅ፣ ዶሮ ሸጦ የሚገዛ የአራሽ ጫማ ሥሩልን። ለልጆችም በቁጥራቸው ይሠራ፤ የአጎቴ ትንሹ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ በሬ መንዳት ጀምሯል።